የእማዬና የአዴ ጫልቱ ቀይ ማርማላታ

ባለፈው ጥር፣ አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ሱሉልታ ባለው ቤታችን የደረቀ ልብስ እያጠፍኩ ሳለሁ ከወጥ ቤት የመጣ ሽታ ጉሮሮዬን ያዘኝ። መጀመሪያ አስነጠሰኝ፣ ቀጥሎ ዓይኔን አስለቀሰኝ፣ ከዚያ በእጄ የያዝኩትን አንሶላ ወለሉ ላይ ለቅቄ ቆምኩ። የስኳር ሽታ ነው እንዳልል ያቃጥላል፤ የበርበሬ ነው እንዳልል ይጣፍጣል፤ አቼቶው ደግሞ በሁለቱ መሀል ገብቶ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሸተተኝ ሽታ ነበር። ልጄ ሰላም ስልኳን በስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ ስልኩ ውስጥ የምታወራውን ሴት እየተከተለች ድስት ታማስላለች።

«ማሚ፣ የቃሪያ ማርማላታ ነው። ከዳቦ ጋር ይበላል አሉ። አንቺ እንደዚህ ዓይነት ነገር ቀምሰሽ አታውቂም» አለችኝ።

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ዳቦ ልገዛ ነው አልኳት፤ ዳቦ ግን ቤት ውስጥ ነበር። እስከ አስፋልቱ ሄድኩ፣ ከአስፋልቱ ተመለስኩ፣ በራችን ላይ ስደርስ ሽታው ገና ስለነበረ እንደገና ሄድኩ። የሱሉልታ ነፋስ ፊቴን እየገረፈኝ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ፤ ምግብ ቀርቦልኝ እነሳለሁ፣ ሰው እያናገረኝ መስኮት ልከፍት እሄዳለሁ፣ የተጠረገ ወለል መልሼ እጠርጋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ሲፈጥረኝም ቅብጥብጥ ነኝ። እማዬ «ይቺ ልጅ ስትወለድ ቀድሞ የወጣው እግሯ ነው» እያለች ለሰው ታወራ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ወንበሬን በማንቀሳቀስ ብቻ ቆሜ እንድማር የተፈረደብኝ ቀን ብዙ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ቅዳሴው እስኪያልቅ የሰዉን ጫማ ቆጥሬ፣ ቀለሙን ለይቼ፣ ማን ከማን ተጣልቶ ራቅ ብሎ እንደቆመ አውቄ እወጣለሁ። ሰው ሁሉ ይስቅበት የነበረው ይህ አመሌ አንድ ቀን የማያስቅ ነገር አደረገ፤ የልጄ ድስት የቀሰቀሰብኝም ያንን ነው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሰበታ ነበር፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አምስት ቤተሰብ የሚጋራው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ቤትና ከጀርባው በቆርቆሮ የተከለለች ማብሰያ ነበረችን። አባቴ እኔ ገና ሳልድህ ነው የሞተው። እማዬ፣ ዘውድነሽ፣ ከውጭ አገር የመጡ የእርሻ ባለሙያና ባለቤታቸው ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ባለቤቲቱን ማዳም ትላቸው ነበር። ማዳም ያገኙትን ሁሉ ጠርሙስ ውስጥ ካላሸጉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት ነበሩ፤ ኮኩን፣ ፕሪሙን፣ ካሮቱን ሳይቀር ማርማላታ ያደርጉታል። እማዬ ሁሉንም በትዕግሥት ተማረች፤ አንድ ቀን ግን ቀይ ቃሪያ ከትፈው ስኳር ውስጥ ሲጨምሩ ስታይ ሴትየዋ ታመዋል ብላ ባልየውን ልትጠራ ተነሥታ ነበር። ሲበስል አቀመሷት። ማታ ቤት ስትመጣ የምታወራው ስለዚያ ብቻ ሆነ፤ መጀመሪያ ይጣፍጥሻል፣ ቀጥሎ ዝም ይላል፣ ከዚያ ከጉሮሮሽ በታች እሳቱ ሲነሣ ሌላ ትጨምሪያለሽ እያለች።

ባልና ሚስቱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እማዬ ሥራዋን አጣች። የተዉላት ነገር ቢኖር ሁለት ካርቶን ባዶ ጠርሙስ፣ ክዳናቸው ውስጥ ቀይ ላስቲክ የተለጠፈባቸው፣ አንድ የጠረጴዛ ሰዓት፣ እና እማዬ በራሷ እጅ ጽሑፍ የገለበጠችው የአሠራር ወረቀት ነው። ሌላ የቀረላት ደግሞ አዴ ጫልቱ ነበረች።

አዴ ጫልቱ ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር ከባሏ ከኦቦ ቶሎሳ ጋር የምታርስ ሴት ነበረች፤ ለማዳም ቤት አትክልት ታመጣ ስለነበር ነው ከእማዬ ጋር የተዋወቁት። እማዬ ትንሽ፣ ፈጣን፣ ስትናገርም ስትሠራም የምትጣደፍ፤ አዴ ጫልቱ ረጅም፣ ዝግ ያለች፣ ሳቋ ግን ሦስት ግቢ አልፎ የሚሰማ። አንዷ በአማርኛ የጀመረችውን ወሬ ሌላዋ በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች፤ ሲፈልጉ በአንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜ ቋንቋ ይለዋውጣሉ፤ እኔም መሀላቸው ሆኜ ሁለቱንም ሳላውቀው ተማርኩ። አዴ ጫልቱን «አንቺ» ነበር የምላት፤ እንደ እናቴ ነበረች።

ሥራ ፍለጋ በየቤቱ የዞረችውን እማዬን «አንቺ የምታውቂውን ሰበታ ውስጥ ማን ያውቀዋል? ቃሪያው ከእኔ፣ እጁ ከአንቺ» ያለቻት አዴ ጫልቱ ናት። እንዲህ ጀመሩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ አዴ ጫልቱ በቅርጫት ቀይ ቃሪያ ይዛ ትመጣለች፤ አረንጓዴ ጭራሽ የሌለበት፣ ተክሉ ላይ ቆይቶ የቀላ፣ ቆዳው የሚያብለጨልጭ፤ እፍኝ የማትሞላ ሚጥሚጣም ለብቻዋ በወረቀት ተጠቅልላ ትመጣለች። ሁለቱ እጃቸውን ዘይት ተቀብተው አናቱን እየቆረጡ፣ ፍሬውን እየፈለፈሉ፣ ቀዩን ሥጋ እንደ ሩዝ እስኪደቅ ይከትፉታል። የእኔ ሥራ ሎሚ መጭመቅና የሎሚውን ፍሬ ከነልጣጩ ሻሽ ውስጥ መቋጠር ነበር፤ ያ ቋጠሮ ድስቱ ውስጥ አብሮ ካልተቀቀለ ማርማላታው እንደ ሽሮፕ ይፈስሳል እንጂ አይረጋም። ከዚያ ስኳሩና አቼቶው ይገባል፣ የላምባው ምድጃ ያጓራል፣ እንፋሎቱም ከቆርቆሮዋ ማብሰያ ወጥቶ ግቢውን ይይዘዋል። ያን ጊዜ አምስቱም ቤት ማስነጠስ ይጀምራል። «ይማርሽ»፣ «ይማርህ»፣ «አንቺንም ይማርሽ» ሲባባል ይውላል፤ የሚቆጣ ግን አልነበረም፤ የመጀመሪያው ማንኪያ በየቤቱ እንደሚዞር ሁሉም ያውቃል።

መድረሱን የምናውቀው በሰሃን ነበር። እማዬ የቀዘቀዘ ሰሃን ላይ አንድ ጠብታ ትጥልና በጣቷ ትገፋዋለች፤ ላዩ እንደ አሮጊት እጅ ከተሸበሸበ ደርሷል። ከዚያ ጥድፊያ ነው። ጠርሙሶቹ በሙቅ ውሃ ታጥበው ይጠብቃሉ፤ ይሞላሉ፣ አፋቸው ይጠረጋል፣ ይከደናሉ፣ እንዳይጋጩ ከሥሩ ጨርቅ የተነጠፈበት ትልቅ ድስት ውስጥ ተደርድረው ውሃ እስኪውጣቸው ይፈስስባቸዋል። እዚህ ላይ ማዳም አንድ ነገር አጥብቀው አስተምረዋታል። ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ፈላ ብለሽ እንዳትታለይ፣ ሙቀቱ እንደ ቆላው አይደለም፣ ስለዚህ የሰዓቱ ረጅም ዘንግ ግማሽ ዙር እስኪዞር ሳያቋርጥ ይንተክተክ። እማዬ ይህን ወረቀቷ ላይ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ከሁሉ የምወደው የመጨረሻውን ነበር። ጠርሙሶቹ ወጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲቀዘቅዙ ክዳናቸው ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሲሳብ «ጧ» ይላል። እማዬና አዴ ጫልቱ ደክሟቸው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ጧ፣ አለች አንዷ። ጧ፣ ሌላዋ። ያልጮኸች ጠርሙስ ካለች አየር ገብቷታልና አትቀመጥም፤ የዚያኑ ቀን ከግቢው ሰው ጋር እንበላታለን። እኔ በልቤ አንዷ እንኳ እንዳትጮህ እጸልይ ነበር።

ሐጂ ሰይድ ቡራዩ ላይ ትልቅ ሱቅ የነበራቸው፣ ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ስኳር የምንወስደው ከእሳቸው ነበር። አንድ ቀን እማዬ ትንሽ በዳቦ ቀብታ አቀመሰቻቸው። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ሌላ ቁራሽ ጠየቁ። በሳምንቱ አዲስ አበባ ትልቅ ሸቀጣሸቀጥ መደብር ያለው ዘመዳቸው ስድሳ ጠርሙስ እንደሚፈልግ፣ ደንበኛ ከወደደው ደግሞ በየወሩ እንደሚወስድ ነገሯት፤ ባዶ ጠርሙሱንም ራሳቸው አስመጡላት።

ያን ሰሞን ሁለቱ ሴቶች እንደ ልጃገረድ ሆኑ። እማዬ አስፋልት ዳር አንድ ክፍል ለመከራየት አሰበች፤ የሰው ቤት አብሳይነት እንደሚቀርላት፣ የራሷ ደጅ እንደሚኖራት ታወራ ነበር። አዴ ጫልቱ ደግሞ ወንዝ ዳር ያለውን መስኖ የሚገባበትን መሬት ሙሉውን ቃሪያ ለማድረግ ከኦቦ ቶሎሳ ጋር ወር ሙሉ ተከራከረች። ኦቦ ቶሎሳ «ሽንብራ ይበላል፣ ጤፍ ይበላል፤ ቃሪያ ምን ይሆናል?» ይሉ ነበር። እሷ አሸነፈች፤ ሰውየው ግን ከፈቀዱ በኋላም በዚያ ማሳ አጠገብ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩ እንደነበር ራሷ እየሳቀች ነግራናለች።

ጥር ነበር። አራት ቀን ሠርተን ሃምሳ ጠርሙስ አለቀ፤ የቀረው አሥር ነበር፤ ተሞልቶ፣ ተከድኖ፣ ድስቱ ውስጥ ተደርድሮ ውሃው መፍላት ሲጀምር የዕድር ጥሩምባ ተነፋ። ከበላያችን ያሉ ሽማግሌ ጎረቤት አርፈው ቀብሩ ያን ቀን ነበር፤ እማዬ መቅረት አትችልም። አዴ ጫልቱ ማሳዋ ላይ ነበረች። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ሰዓቱን ፊቴ አስቀመጠችው።

«ረጅሙ ዘንግ እዚህ እስኪደርስ ከዚህ በርጩማ አትነሺም። እሳቱ ከደከመ ላምባ ጨምሪ። አሥራ አንድ ዓመትሽ ነው፤ ትልቅ ሰው ነሽ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ዘንጉን አየሁት፤ አይሄድም። ድስቱን አየሁ፣ ተመልሼ ዘንጉን አየሁ። ጣቶቼን ቆጠርኩ፣ የቆርቆሮውን ቀዳዳዎች ቆጠርኩ። ያን ጊዜ ከአስፋልቱ በኩል የፈረስ ቃጭልና የሆታ ድምፅ መጣ። ሙሽራ ሊያመጡ የሚሄዱ ፈረሰኞች ነበሩ፤ የፈረሶቹ ግንባር በቀይ ጥለት ያጌጠ፣ ወንዶቹ አለንጋ እያወናጨፉ የሚዘፍኑ። አንድ ጊዜ ብቻ አይቼ ልመለስ ብዬ እስከ በሩ ሄድኩ። ከበሩ እስከ አስፋልቱ። ከአስፋልቱ ደግሞ አንድ ነጭ ፈረስ አንገቱን እየነቀነቀ አልሄድም ሲል ሰው ሁሉ ስለከበበው፣ ምን እንደሚሆን ሳላይ መመለስ አቃተኝና እስከ ድልድዩ ድረስ ተከተልኳቸው። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስመለስ ማብሰያዋ ጸጥ ብላለች። ምድጃው ላምባ ጨርሶ ጠፍቷል። ጣቴን ውሃው ውስጥ ከተትኩት፤ ለብ ያለ ነበር። ረጅሙ ዘንግ እማዬ ያሳየችኝን ቦታ አልፎ ሄዷል። ላምባ ልጨምር ጀሪካኑን አንሥቼ ማጥለያውን እንደያዝኩ የእማዬ ድምፅ ከግቢው በር ተሰማ፤ ከቀብር ከሚመለሱ ሴቶች ጋር እየተሰነባበተች ነበር። ጀሪካኑን መለስኩ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ አደረቅኋቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

«ፈላ?» አለችኝ ስትገባ።

«ፈላ።»

«እስከነገርኩሽ ድረስ?»

«አዎ።»

«ጮኹ?»

«ሁሉም ጮኹ» አልኳት።

ግንባሬን ሳመችኝ። የቀብር አቧራ ያለበት ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ አሥሩን ጠርሙሶች ከሃምሳዎቹ ጋር ቀላቅላ በጭድ እየጠቀጠቀች ካርቶን ውስጥ አስገባቻቸው፤ ሌላ ጊዜ ክዳኑን አንድ በአንድ በጣቷ ሳትጫን የማትለቅ ሴት፣ ያን ቀን እኔን አመነች። በማግስቱ ሐጂ ሰይድ በላኩት መኪና ተጫነ።

ሐጂ ራሳቸው የመጡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሁለቱ ሴቶች ለሁለተኛው ዙር ሲከትፉ ሰንብተው ያን ቀን ግን እማዬ ብቻዋን ነበረች። ሐጂ አንድ ካርቶን በራሳቸው እጅ ይዘው ገብተው መሬት ላይ አስቀመጡት። ክዳናቸው እንደ ሆድ የተነፋ፣ ከጎናቸው አረፋ የወጣ፣ አንዱ ጭራሽ የፈነዳ ጠርሙሶች ነበሩበት። እርሾ እርሾ ይሸታል።

«ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ አንቺን ልወቅስ አይደለም የመጣሁት» አሉ። «አንዱ መደርደሪያ ላይ ፈንድቶ የደንበኛ ልብስ አበላሸ። አንዷ ደግሞ ልጇን አብልታ ልጁ ታሞባት መጣች፤ አልሐምዱሊላህ ድኗል። ዘመዴ ግን ከእንግዲህ አልወስድም ብሏል። ደህናውንም ከመጥፎው መለየት አልቻለም፤ ሁሉንም ጣለው።»

እማዬ ተንበርክካ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያነሣች አየቻቸው። አላለቀሰችም። «የእኔ እጅ ነው?» ብቻ አለች። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር፤ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብሄድ ይወጣ ነበር። ወደ ኋላ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ያለችውን ባዶ ባልዲ አንሥቼ ውሃ ልቀዳ ነው ብዬ ወጣሁ።

እማዬ ብዙ ቀን መረመረች። ወረቀቷን እያነበበች አቼቶውን አሰበች፣ ስኳሩን አሰበች፣ ላስቲኩን በጥፍሯ ፈተሸች። አንድ ጧት ጸጉሬን እየሠራች «ያን ቀን ከበርጩማው አልተነሣሽም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልተነሣሁም» አልኳት። ማበጠሪያው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። እኔን ስታምን ሌላ የምትጠረጥረው አንድ ሰው ብቻ ቀረ። በዚያ ጥር ሁለት ሌሊት ውርጭ ወርዶ ነበር።

አዴ ጫልቱ ቅዳሜ ቃሪያዋን በጆንያ ተሸክማ ስትመጣ እማዬ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ጫልቱ፣ ውርጭ የመታውን ነው የሰጠሽኝ» አለቻት።

አዴ ጫልቱ ጆንያውን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቆመች። «እኔ? ለአንቺ?»

«ለቁጥሩ ብለሽ ይሆናል። ስድሳ እንዲሞላ። ሌላው ሁሉ እንደ ወትሮው ነበር፤ ሌላ ነገር አላገኘሁም።»

«ዘውዴ፣ ውርጭ የመታውን ለከብት ነው የሰጠሁት። አንድ በአንድ ነው የለቀምኩት። በዋቃ እምልልሻለሁ።»

«ታዲያ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

አዴ ጫልቱ ጆንያውን ቀስ ብላ አወረደች። እኔን አየችኝ፤ ለምን እንዳየችኝ አላውቅም፤ ምናልባት ልጅ ስለሆንኩ፣ ምናልባት ሌላ የሚያያት ሰው ስላልነበረ። መሬቱን አየሁ። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ቃሪያው በራችን ላይ ሳምንት ተቀምጦ፣ መጀመሪያ ተጨማደደ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ በመጨረሻ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ወስዶ ደፋው። ማሳው በዚያው ዓመት ተመልሶ ሽንብራ እንደሆነ፣ ኦቦ ቶሎሳም ሚስታቸውን በሰው ፊት እንደተናገሯት ከገበያ ሰማን።

ከዚያ በኋላ ሰበታ ለእማዬ ጠበባት። ቡራዩ ሄድን። ቡራዩ ውስጥ አራት ቤት ቀየርን፤ አንዱ ጭስ ይገባዋል፣ አንዱ ጎረቤቱ ይጮኻል፣ አንዱ ምንም ሳይሆን ይተዋል። በመጨረሻ ሱሉልታ ገባን። እማዬ እርጅና እስኪይዛት የሰው ቤት አብሳይ ሆና ኖረች፤ ማርማላታ የሚባል ነገር ግን ዳግመኛ አልሠራችም። ሰው ስትቀርብም አንድ ክንድ ርቀት ትታ ነው። አንዳንዴ ልብስ እያሰጣች ወይም ምስር እየለቀመች ድንገት «ጫልቱ ይህን ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር» ትላለች። ይህን ባለች ቁጥር እኔ የምወጣበት ምክንያት አላጣም፤ አንድ ጊዜ ጨው፣ አንድ ጊዜ ሻማ፣ አንድ ጊዜ የማላውቀው ሰው ለቅሶ። ትምህርቴን ስጨርስ እነግራታለሁ አልኩ። ሳገባ አልኩ። ሰላም ስትወለድ፣ የልጅ ልጇን ታቅፋ ደስ ብሏት ሳለ እነግራታለሁ አልኩና ደስታዋን ልረብሽ አልፈልግም ብዬ ተውኩት። እማዬ ከስድስት ዓመት በፊት ሳልነግራት ሞተች።

ሰላም ያን ድስት ከጣደች በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቴ ውስጥ ዞርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሚኒባስ ይዤ ሰበታ ሄድኩ። ግቢያችን የለም፤ በቦታው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። የተፍኪን መንገድ በባጃጅ እየሄድኩ የኦቦ ቶሎሳን ቤት ስጠይቅ እሳቸው ከሞቱ ቆዩ፣ ባለቤታቸው ግን አሉ አሉኝ። ወንዙ ዳር ያለው መስኖ መሬት የመጋዘን አጥር ሆኗል፤ ረጅም ግራጫ ግንብ። ከግንቡ ጀርባ በተረፈችው ቁራሽ መሬት ላይ ከመጨረሻ ልጇ ጋር የምትኖርባት ቤት አለች። አዴ ጫልቱ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣ ነበር። ያ ቁመቷ ጎብጧል። አላወቀችኝም።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ጫልቱ» አልኳት። «የዘውድነሽ ልጅ ነኝ።»

ፀሐዩን በእጇ ከልላ አየችኝና «ኮቱ፣ ታኢ» አለችኝና በርጩማ በእግሯ ገፋችልኝ።

ተቀመጥኩ፤ ሳልነሣም ሁሉንም ነገርኳት። ፈረሶቹን፣ ለብ ያለውን ውሃ፣ ጮኹ ማለቴን፣ እማዬ ጸጉሬን ስትሠራ የጠየቀችኝን፣ ሳልነግራት ከስድስት ዓመት በፊት መሞቷን። ልጅ ሳለሁ አንቺ እላት የነበረችውን ሴት አንቱ እያልኩ ነበር የማወራው።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለችኝ።

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ልጅ ነው። ልጅ ይፈራል። ሃያ ሲሆንሽስ? ሠላሳ ሲሆንሽስ?»

ለመነሣት እግሬ ተንቀሳቀሰ፤ ግን አልተነሣሁም።

«እናትሽ መጥታ ነበር» አለች።

አላውቅም ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ከለቅሶ ቤት የተመለሰች ይመስል እማዬ አንድ ቀን ሙሉ ጠፍታ ማታ ላይ ዝም ብላ የገባችበት ቀን ትዝ አለኝ፤ የት ነበርሽ ስላት መንገድ ጠፋኝ ነበር ያለችኝ።

«እዚሁ በር ላይ ቆማ ‹ጫልቱ፣ አሮጊት ሆነናል፤ ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺም እርሺው› አለችኝ» አለች አዴ ጫልቱ። «ይቅር ብዬሻለሁ ትለኛለች። እኔ ምን አድርጌ? ባሌ እስኪሞት ድረስ በዚያ ማሳ ሰድቦኛል። ያላደረግኩትን ይቅር አልባልም ብዬ በሩን ዘጋሁባት። ውጭ ቆማ ቆየች፤ ኮቴዋን እሰማለሁ። ከዚያ ሄደች።» እጇን ጭኗ ላይ አገላበጠች። «አንቺ አንድ ቃል ነግረሻት ቢሆን ያን ቀን እቅፍ አድርጋኝ ነበር የምትገባው።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። እሺም እንቢም አላለችኝም። ነጠላዋን እንዲያመጣላት ልጇን ጠራችና «መቃብሯን ልታሳዪኝ ትችያለሽ?» አለችኝ።

ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ሦስት ታክሲ ቀያይረን ደረስን። መንገድ ላይ እናቴ በምን እንደሞተች ጠየቀችኝ፤ ልብ ነው አልኳት። ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ የእማዬ መቃብር ተራ ሲሚንቶ ነው፤ ዙሪያው ሣር በቅሎበታል። አዴ ጫልቱ በጉልበቷ ወርዳ መዳፏን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች።

«ዘውዴ» አለች። «ቃሪያው ደህና ነበር።»

ከዚያ በኦሮምኛ ብዙ ተናገረች፤ ድምፅዋ አንዳንዴ ይነሣል፣ እንደ ወቀሳ፤ አንዳንዴ ይወርዳል። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ልስማው የሚገባ አልነበረም። ስትጨርስ እጇን ሰጠችኝ፣ አስነሣኋት። ወደ ታክሲው ማቆሚያ ስንሄድ እስከ ሰበታ ልሸኝዎት አልኳት፤ ብቻዬን እሄዳለሁ አለች። ሚኒባሱ መጥቶ ረዳቱ በሩን ሲከፍት አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ዞረች።

«እናትሽ ከሞተች ስንት ዓመቷ ነው ያልሽኝ?»

«ስድስት።»

«በሩን የዘጋሁባት ስምንት ዓመቱ ነው» አለች። ጣቶቿን እያየች አሰበች። «ሁለት ዓመት ነበረን ማለት ነው።»

ገብታ ተቀመጠች፤ ሚኒባሱ ሄደ። እኔ ለዓመታት እየተሸከምኩ የኖርኩት ያ ሁሉ ያለፈ ዘመን ነበር፤ ያመለጠ ሥራ፣ የቀረ ቤት፣ የጠፋ ማሳ። እሷ ይዛው የሄደችው ሁለቱን ዓመት ብቻ ነው። ሁለት አሮጊቶች አንድ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሊኖሩት ይችሉ የነበረውን ሁለት ዓመት።